ተጫዋች ይፈለጋል

እህቴ አንድ እሑድ ሥራ ፈትታ ቃሎቼን ቆጠረችብኝ። ከጠዋት እስከ ማታ ሠላሳ አንድ ቃል ተናግሬ ነበር፤ ከነሱ ውስጥ ዘጠኙ «እሺ» ናቸው። «ባል ባገባ እንኳ ካንተ ጋር ለብቻው ትቼው አልወጣም፣ ደብሮት ይፈታኛል» አለች።

የምንኖረው ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ ነው። በአንዱ እሷ በስፌት መኪናዋ የሰው ቀሚስ ታሳጥራለች፣ ታስረዝማለች። በሌላው እኔ ቁልፍ እተክላለሁ፣ እተኩሳለሁ፤ ሥራ ሲቀልልኝ ደግሞ ጊታሬን አቅፌ በመስኮት ደመና አያለሁ። ልብስ ሊለኩ የሚመጡት ሴቶች በበሩ አንገታቸውን ብቅ አድርገው «ምነው ዝም አልክ፣ ተጫወት እንጂ» ይሉኛል። እኔም ክሩን መቃኘት እጀምራለሁ። እነሱ ለካ አዋራን ማለታቸው ነው።

ወሬ ላይ እንዲህ ነኝ። ሱቅ ለክር ስላክ እንኳ የምናገረውን ጥግ ላይ ቆሜ አጠናለሁ። «ጥቁር ክር፣ ቀጭኑን፣ ሁለት ጥቅል።» ባለሱቁ «ጥቁር አልቋል፣ ቡናማ ላድርግልህ?» ካለ አለቀልኝ፤ ለዚያ አልተዘጋጀሁም። «እሺ» ብዬ ቡናማውን ይዤ እመጣለሁ፣ እህቴ መልሳ ትልከኛለች።

ጊታር የሚያስተምሩኝ ጋሼ ጡረታ የወጡ የሙዚቃ መምህር ናቸው። በናይለን ክር ክላሲካል ጊታር አራት ሥራዎች አስጠንተውኛል፤ አራቱንም ወረቀቱ ላይ እንዳለ፣ አንድ ነጥብ ሳልስት እጫወታለሁ። ምስጋና የጠበቅኩ ቀን ግን መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን አሹና «እንደ ታይፕ ጸሐፊ ነህ። ስሕተት የለም፤ ሰውም የለም» አሉኝ። ከዚያ ወረቀቴን አጥፈው የጊታር ቦርሳዬ ውስጥ ከተቱት።

«ከዛሬ ጀምሮ ከራስህ አምጣ።»

«ከየት?»

«ከራስህ።»

«እዚያ ምንም የለም፣ ጋሼ።»

ሳቁ። በወፍራሞቹ ክሮች ላይ አንዱ ካንዱ ዝቅ የሚል አራት ድምፅ አሳዩኝና «ይኼን በአውራ ጣትህ እያዞርክ መላልሰው። አውራ ጣትህ ይራመድ፤ ሌሎቹ ጣቶች መንገድ ላይ ያዩትን ያውሩ» አሉ።

ቤቴ ገብቼ አውራ ጣቴን አራመድኩት። ይራመዳል። ሌሎቹ ግን አብረውኝ የተወለዱ ዝምተኞች ናቸው፤ ተደርድረው እኔን ያዩኛል። ሁለት ቀን ታገልኩ። ሦስተኛው ቀን ላይ ብልሃት መጣልኝ፦ ከራሴ የማመጣውን ጻፍኩት። እየሰረዝኩ እየደለዝኩ ገጽ ሙሉ አወጣሁ፣ በቃሌ ያዝኩት። ሦስተኛው መስመር ላይ የማሰብ እንዲመስል ትንሽ የማመንታት ቦታ ሁሉ አስገባሁበት።

ጋሼ ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙኝ። ስጨርስ ፊታቸው ላይ ደስታ አየሁ።

«ግሩም ነው። እስቲ ድገመው።»

ደገምኩት። ሦስተኛው መስመር ላይ ስደርስ አመነታሁ።

አንድ ዓይናቸውን ገለጡ። «እዚችው ጋ እንደገና አሰብክ?»

አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። «ስማ ልጄ» አሉኝ፣ «ከዚህ በኋላ ያለውን እኔ ላስተምርህ አልችልም፤ የሚገኘው ሰው ፊት ስትጫወት ነው። ባለፈው ሐሙስ ጥርሴን የምታክመኝ ዶክተር አንድ ተጫዋች ልጅ አፈላልጉልኝ አለችኝ። በሽተኞቿ እየፈሩ ከበር ይመለሱባታል። አንድ አለኝ አልኳት። ቅዳሜ ሂድ። ያለ ወረቀት አንድ ሰው ፊት ከተጫወትክ ጊታር ያዝክ ማለት ነው። ካልሆነልህ ግን ጎበዝ ገልባጭ ሆነህ ትቀራለህ።»

ገልባጭ። ያን ሳምንት ቁልፍ ስተክል ሁሉ ይሰማኝ ነበር። ቅዳሜ ጠዋት ፀጉሬን አበጥሬ፣ ሸሚዜን ተኩሼ፣ አራቱን ወረቀቶች ግን ለማንኛውም ብዬ በጊታር ቦርሳዬ የጎን ኪስ ሸጉጬ ወጣሁ።

የሐኪሟ ቤት ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። ደረጃው ላይ ሳለሁ የቅርንፉድ ሽታ ተቀበለኝ። የተራ መጠበቂያዋ ክፍል ውስጥ አምስት ወንበር፣ ግድግዳው ላይ ለሁለት የተሰነጠቀ የመንጋጋ ጥርስ ሥዕል አለ። ያንን ሥዕል እዚያ የሰቀለ ሰው፣ በሽተኛ ለምን ይሸሻል ብሎ መጠየቅ አልነበረበትም። ሐኪሟ አጭር፣ ፈጣን ሴት ናት፤ የአፍ መሸፈኛዋን አገጯ ላይ አውርዳ ወጣች።

«የጋሼ ልጅ ነህ? ተጫዋቹ?»

«አዎ፣ ዶክተር።»

«ጎሽ። እሱ ምንድን ነው?»

«ጊታር።»

«ምን ሊያደርግልህ?»

«ልጫወትበት።»

እኔን አየችኝ፣ ጊታሩን አየችው፣ ጣሪያውን አየችው። «እኔ እኮ ተጫዋች ያልኩት ጨዋታ የሚያውቅ ሰው ነው። ወሬኛ። ሰው የሚያጫውት፣ ፍርሃት የሚያስረሳ። ወሬ ትችላለህ?»

«አልችልም።»

«ቀልድስ?»

ከልቤ አሰብኩ። «አንድ አውቃለሁ። ግን መጨረሻው ጠፍቶብኛል።»

ከደረጃው በኩል ከባድ እርምጃ ተሰማ። ሐኪሟ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «በል ስማኝ። የሚመጣው ሰውዬ ሁለት ጊዜ እዚህ ወንበር ላይ ተቀምጦ ሁለቴም አምልጦኛል። የመንጋጋ ጥርሱ መግል ቋጥሯል፤ ዛሬ ካልነቀልኩለት ሆስፒታል ይተኛል። ውስጥ ያለችውን እስክጨርስ ግማሽ ሰዓት አቆይልኝ። እንዴት እንደምታቆየው አንተ ታውቃለህ፣ ብትፈልግ ጨፍር።» ገባች፣ በሩን ዘጋች።

ሰውዬው በሩን ሞልቶ ገባ። አንድ ጉንጩ ድንች የጎረሰ ይመስላል። መውጫው አጠገብ ያለው ወንበር ላይ ጫፉ ላይ ተቀመጠ፤ የመኪና ቁልፉን ከእጁ አልለቀቀም። እኔም ምን ላድርግ፣ አራቱን ወረቀቶች አጠገቤ ወንበር ላይ ዘርግቼ ጀመርኩ።

«ወረቀቱ ምን ይላል?» አለ፣ በግማሽ አፉ።

እየተጫወትኩ ማውራት ስለማልችል አቆምኩ። «ኖታ ነው። ከዚህ እያየሁ ነው የምጫወተው።»

«ስታየው ፊትህ ክስ የመጣበት ሰው ይመስላል» አለ።

እንደገና ከመጀመሪያው ጀመርኩ። አራቱም ሲደመሩ ዐሥራ አራት ደቂቃ ናቸው። ስጨርሳቸው የግድግዳው ሰዓት አጠገብ ያለው የተሰነጠቀ መንጋጋ ዐሥራ ስድስት ደቂቃ ይቀርሃል የሚለኝ መሰለኝ። ያን ጊዜ ከውስጥ የጥርስ መሰርሰሪያው ድምፅ ተነሣ፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ አጥንት ድረስ የሚሰማ።

ሰውዬው ብድግ አለ። «መኪናዬን ያለ ቦታዋ ነው ያቆምኳት። ልይና ልምጣ።»

እንደማይመለስ እሱም አውቋል፣ እኔም አውቄአለሁ። የሆነ ነገር ማለት ነበረብኝ፤ አፌ ውስጥ ግን «እሺ» ብቻ ነበረች፣ እሷ ደግሞ አሁን አታስፈልግም። ዋጥኳት። በሷ ፈንታ ጣቴ የመጨረሻዋን ቀጭን ክር ነካ። መሰርሰሪያው ከሷ ትንሽ ከፍ ይል ነበር። ጣቴን ወደ ላይ እያንሸራተትኩ ፈለግኩት፣ አገኘሁት፣ ገጠምኩት። መሰርሰሪያው ጥርስ ውስጥ ሲገባ እያጉረመረመ ወረደ፤ እኔም ተከትዬው ወረድኩ። ተመልሶ ወጣ፤ ወጣሁ።

ሰውዬው በሩን እንደያዘ ዞረ። «አንተ፣ በመሰርሰሪያዋ ላይ መቀለድህ ነው እንዴ?»

ራሴን ነቀነቅኩ። መሰርሰሪያው ድንገት ቆመ፤ እኔ ያቋረጠውን ጨረስኩለት። ሰውዬው ሳቀ፣ ጉንጩን ያዘ፣ አመመው፣ ተቀመጠ።

«እስቲ አሁን ስትጀምር ያዛት» አለ።

ሳውቀው አውራ ጣቴ መራመድ ከጀመረ ቆይቷል። አራቱን ድምፅ እያዞረ ብቻውን ይሄዳል፣ እኔ ተሳፋሪ ነኝ።

«እኔ ገልባጭ ነው የምነዳው» አለ ሰውዬው። ገልባጭ ሲል ደነገጥኩ፤ ከጋሼ ጋር የተነጋገሩ መሰለኝ። «ድንጋይ ጭነህ ዳገት ስትይዝ እንዲህ ትላለች፣ እምምም።»

በወፍራሙ ክር እምምም አልኩት።

«አይደለችም። ወረድ አድርጋት፣ ጭነት አላት።»

ወረድ አደረግኳት።

«ራሷ ናት። አሁን ማርሽ ቀይርላት። ኋላዋ ደግሞ ባለ ትንሽ መኪና ጥሩምባ እየነፋ ያሳብዳታል፣ ፒፕ ፒፕ።»

ቀጫጭኖቹ ፒፕ ፒፕ አሉ። ሳቀ። እሱ ይጨምራል፣ እኔ እመልሳለሁ፤ እሱ ዝም ሲል ደግሞ እኔ እጠይቀዋለሁ፣ በክር። አንድ ቦታ ላይ ጣቴ ሳተና የማይሆን ክር መታሁ። ደርቄ ቆምኩ። ወረቀት ቢሆን ከላይ እጀምር ነበር።

«ምነው?»

«ተሳሳትኩ።»

«ጉድጓድ ነዋ። መኪና ጉድጓድ ገባ ተብሎ ከመነሻው አይጀመርም። ንዳው።»

ነዳሁት። ዞሬ እዚያው ቦታ ስደርስ ጉድጓዱን ሆን ብዬ ገባሁበት። ሰውዬው ወንበሩ ላይ ዘለለ፣ ልክ እንደ ሾፌር። ሦስተኛውን ዙር አብረን ዘለልን። እህቴ ብትኖር ስንት ቃል ብላ ትቆጥረው እንደነበር እንጃ።

የውስጡ በር ተከፈተ። አንዲት ሴት ጉንጯን በመሐረብ ይዛ ወጣች፤ ሐኪሟ ሰውዬውን አይታ ቆመች። እዚያ ይኖራል ብላ አልጠበቀችም።

«ተራዎ ነው።»

የሰውዬው ሳቅ ከፊቱ ወረደ። ቁልፉን ጨበጠ፣ ወደ በሩ አየ፣ ከዚያ ወደኔ። «ይኼም አብሮኝ ይገባል።»

«ውስጥ ቦታ የለም።»

«እንግዲያው መኪናዬን ልይና ልምጣ።»

ሐኪሟ ተነፈሰችና በእጅ መታጠቢያውና በመድኃኒት ቁም ሣጥኑ መካከል ያለችውን ጥግ በአገጯ አሳየችኝ። ጎማ ያላት ክብ መቀመጫ ነበረች፤ ስቀመጥባት ተንሸራተተች፣ ጊታሬን ይዤ ቁም ሣጥኑን በጀርባዬ አንኳኳሁ። ወረቀቶቼ ውጪ ወንበር ላይ እንደተዘረጉ ቀርተዋል፤ ልብ ያልኩት መርፌው ከገባ በኋላ ነው።

ማደንዘዣው አፉን ያዘው። ማውራት አልቻለም፤ እግሩ ግን ይችላል። የወንበሩ ጫፍ ላይ ትልቁ ጫማው ከአውራ ጣቴ ጋር መምታት ጀመረ። ሐኪሟ ጉጠቱን ስታነሣ ጫማው ቆመ። እኔ አላቆምኩም። ቀስ ብዬ፣ ሁለት ድምፅ ብቻ፣ አለህ ወይ አልኩት። ደግሜ ጠየቅኩት፣ ለየት አድርጌ። ጫማው አንዴ መታ። አለሁ ማለቱ ነው። ከዚያ ሁሉም ነገር በአንድ ጊዜ ሄደ፤ ሐኪሟ ታገለች፣ ጫማው ፈጠነ፣ እኔ ተከተልኩ፣ ጥርሱ ቀጭ አለ።

«ወጣ» አለች። ሁለት ሥር ያለው፣ ትልቅ መንጋጋ ጉጠቱ ላይ ነበር። ጥጥ አስነከሰችው። «ጨርሰናል። ተጫዋቹ፣ በቃ።»

እኔ ግን መካከል ላይ ነበርኩ። የኖታ ወረቀት ሁልጊዜ መጨረሻው ላይ ሁለት የቆሙ የመዝጊያ መስመሮች አሉት፣ እዚያ ስትደርስ ታቆማለህ። ይኼኛው የለውም። እንዲሁ ብተወው የሰው ወሬ አቋርጦ እንደ መውጣት ሆነብኝ።

«ትንሽ ቀረኝ» አልኩ።

«ምኑ?»

«አላውቅም። እየፈለግኩት ነው።»

ውጪ ቀጣዩ በሽተኛ ሳል አሰማ። ሐኪሟ ሰዓቱን አይታ አፏን ልትከፍት ስትል፣ ሰውዬው ወፍራም መዳፉን ዘረጋባት፤ ቆይ ማለቱ ነው። ጥጡን ነክሶ ተመልሶ ተጋደመ፣ ጫማውንም አመቻቸ። እሷም ከነጓንቷ፣ ጥርሱን በጉጠቱ እንደያዘች፣ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

አውራ ጣቴን አዘገየሁትና ጭነቱን እንዳራገፈ መኪና ከዳገቱ ወደ መውረጃው አዞርኩት።