ፎይል የለበሰው በርሜል

«ተመልከት፣ ዕቃው እንኳ ገና ከመጠቅለያው አልወጣም» አለ ዲኑ ለፎቶ አንሺው፤ እየሳቀም የአሉሚኒየሙን ፎይል ከላይ እስከ ታች ሸረከተው።

ፕሮፌሰሯ እጇን ታጥባ ወደ ላቦራቶሪዋ ስትመለስ ግማሹ ፎይል ወለሉ ላይ ተጨማዶ ወድቋል። መጠቅለያ ቢሆንማ ምን ነበረበት። እሱ የብረቱ በርሜል ልብስ ነው። በርሜሉ ውስጡ አየር የሚባል እንዳይቀርበት ስድስት ሳምንት ሙሉ በማሞቂያ ሽቦ ተጠምጥሞ ሲጋገር፣ ሙቀቱ ወደ አንድ ጎን እንዳያዳላ ያለበሱት። አንዱ ጎን ብቻ ሲገፈፍ ብረቱ እኩል አይቀዘቅዝም፤ መጋጠሚያው ይላላል፣ አየር ሾልኮ ይገባል።

ቴክኒሻኑ በበርሜሉ ውስጥ ያለውን አየር የሚለካውን መሣሪያ ቁጥር አየና ራሱን ነቀነቀ። ሃያ ዓመት ሙሉ አየር የሚያስገባ ቀዳዳ ሲያሳድድ ስለኖረ ሽንቁሬ ነው የሚሉት። ቁጥሩ ሽቅብ ይጋልባል።

ፕሮፌሰሯ ትልቅ የሳይንስ ሽልማት ካገኘች ወዲህ ሁሉም ነገር እጅ እጅ ብሏታል። ድሮ ኮሪደር ላይ ሲያገኟት ፊታቸውን የሚያዞሩ ሰዎች አሁን ካላቀፍንሽ ሞተን እንገኛለን ይላሉ። ትናንት ፊቷ የታተመበት ኬክ ተቆርጦ፣ ዲኑ አገጯን ወስዶ ጣቱን እየላሰ ሲበላ ዓይኗ አይቷል። ያ ጣት ነው ዛሬ በርሜሏን የዳበሰው።

ማንም የማያውቀው ሌላ ጉዳይ ነበራት፤ ከሽንቁሬ በቀር። ያሸለማት ልኬት፣ መጨረሻ ላይ ያለችው አንዲት ቁጥር፣ የተሳሳተች ይመስላታል። ጡረታ ሳትወጣ ሰኞ በዚሁ በርሜል ደግማ ልትለካት ነበር። በወሩ መጨረሻ ደግሞ ክፍሉ የእንግዳ መቀበያ ይሆናል ተብሏል።

ዲኑ ይቅርታውን በአንድ እስትንፋስ ጨርሶ፣ ፎይል ከየሱቁ ሞልቷል፣ ሌላ እናለብሰዋለን አለ። እሷም ነገሩን ረጋ ብላ አስረዳችው፤ ተማሪዋ በነበረ ጊዜም ሌንስ በሸሚዙ ጫፍ ሲወለውል እንዲሁ ረጋ ብላ ነበር የምታስረዳው። ስድስት ሳምንት እንደገና መጋገር አለበት፤ ክፍሉ እስከዚያ ይቆይልኝ አለችው። ሶፋው ታዟል አላት። በሩ ላይም ስምዎ በወርቅ ቀለም ይጻፋል።

«ስሜን ወደዚያ በለውና ቁልፉን ተውልኝ።»

ፎቶ አንሺው ካሜራውን ዝቅ አደረገ። ሽንቁሬ ፎይሉን ከወለሉ እያነሳ በመዳፉ ያቃናው ጀመር፤ ሳቁን የደበቀ ይመስላል።

ዲኑ ጎንበስ ብሎ በበርሜሉ ትንሽ መስኮት አጮለቀ።

«ግን ፕሮፌሰር፣ ውስጡ ምንም የለም ብለው የለ? ከምንም ላይ ምን ይበላሻል? አሁን ምን ገባበት ሊሉኝ ነው?»

አፍንጫዋን በመሐረቧ ያዝ አደረገች።

«ሽቶህ።»