በኬኔፊክ ቤት የቆየ ሐዘን

ኮርክ ከተማ ውስጥ ተማሪ የሚጠጣው ሐሙስ ነው። ዓርብ ሁሉም የቆሸሸ ልብሱን በሻንጣ ጠቅጥቆ፣ አውቶቡስ ተሳፍሮ እናቱ ቤት ይገባል። ፌርጋልም ከሠላሳ አምስት ዓመት በኋላ ወደ ኬኔፊክ መጠጥ ቤት ሲመለስ ሐሙስን የመረጠው አውቆ ነው። የድሮ ጓደኛው ኮርማክ እስከ ዛሬ ሐሙስ ሐሙስ አመሻሹ ላይ ብቅ እንደሚል ሰምቷል። የመጣውም ይቅርታ ሊጠይቀው ነው።

ገና አሥራ አንድ ሰዓት ሳይሆን ቤቱ ጢም ብሏል። ዝናብ ያበሰበሰው የሱፍ ኮት ሽታ ያው የድሮው ነው። ልጆቹ ትከሻ ለትከሻ እየተጋፉ ይሳሳቃሉ። ፌርጋል ወደ ድሮ ቦታቸው አየ። ተማሪ ሳሉ እሱና ኮርማክ ከሁለት ጓደኞቻቸው ጋር እዚያ ጥግ፣ በሁለት ሰው ቦታ ለአራት ተጣበው፣ አንዷን ብርጭቆ ጥቁር ቢራ እየቆጠቡ ሲጎነጩ፣ በማያውቁት ፖለቲካ ሲጨቃጨቁ ያመሹ ነበር። የቤቱ ባለቤት ወይዘሮ ኬኔፊክ ወይ ጠጡ፣ ወይ ለሚጠጣ ልቀቁ እያሉ ያሽሟጥጧቸው ነበር። በዕድሜው እንደዚያ የሳቀበት ጊዜ የለም። ያንን ጊዜ ያበላሸው ደግሞ የገዛ አፉ ነው፤ እሱ እንደዚያ ያምናል።

በዚያ ቤት የዘፈነ ሰው ቀጣዩን ይጠራል፤ የተጠራም እምቢ አይልም። አንድ ሐሙስ ፌርጋል ዘፍኖ ሲጨርስ ለሳቅ ብሎ ኮርማክን ጠራ። ኮርማክ ምላሱ የሚይዘው፣ ሰው ፊት መቆም የሚያስጨንቀው ልጅ ነበር። ደንብ ነውና ተነሣ። ቤቱ ጸጥ ብሎ ሲጠብቀው አንዲት ቃል ሳትወጣው ቆሞ ቆሞ፣ ኮቱን አንሥቶ ወጣ። በዚያው ፀደይ ጓደኝነታቸው አበቃ።

አሁን ኮርማክ በሩን ከፍቶ ሲገባ ፌርጋልን ወዲያው ለየው።

"ፌርጋል? ፀጉርህን የት ጣልከው?"

"አንተ ያን ሆድ ካነሣህበት ቦታ።"

ሁለቱም ሳቁ። ብርጭቆ ይዘው እንደተቀመጡ ፌርጋል ጊዜ ሳያጠፋ ያንን የዘፈን ምሽት አነሣ፤ ሲያሳፍረው እንደኖረም ነገረው። ኮርማክ ግራ ተጋብቶ አየው።

"እሱን ነው? በሱማ ስንት ዓመት ሰው አስቄበታለሁ" አለ። ከዚያ ሳቁ ጠፋ። "እኔ የተቀየምኩህ በዚያው ፀደይ፣ በእናቴ ቀብር ነው።"

ኮርማክ ብርጭቆውን ገፋ አደረገ።

"ሁለት ቀን ሙሉ የሰው እጅ ስጨብጥ ዋልኩ። የወተት መኪናው ሾፌር እንኳ መጣ። ዓይኔ በር በሩን ነበር። የቀረኸው አንተ ብቻ ነህ።"

ፌርጋል መርዶውን ሰምቶ ነበር። ጥቁር ክራባት ተውሶ፣ ወደ ኮርማክ አገር ቤት ወደ ስኪበሪን የሚሄደው አውቶቡስ ጋ ደርሶ፣ እግሩ እምቢ ብሎት ነው የተመለሰው። ይህንን ለሚስቱ እንኳ አልተናገረም።

"ሰው ፊት አዋርጄህ፣ በሐዘንህ ቀን ዓይኔን በጨው አጥቤ እንዴት ልምጣ ብዬ ነው" አለ።

"ትመጣ ነበር እንጂ! ማን ቃል ጠየቀህ? እጄን ጨብጠህ ሻይህን ጠጥተህ ትሄድ ነበር።"

ፌርጋል ነገሩ ገባው። ሠላሳ አምስት ዓመት የተጸጸተው ጥፋት ባልሆነ ነገር ነው፤ የእውነተኛውን ጥፋት ደግሞ እንደ ጨዋነት ቆጥሮት ኖሯል። አንዲት ተማሪ መጥታ አጠገቡ ያለው ወንበር ሰው እንዳለው ጠየቀችው፤ ውሰጂው አላት። ከዚያ ብርጭቆውን አስቀምጦ ተነሣ። ቢራ የነካውን እጁን በሱሪው ጠርጎ ዘረጋ።

"እናትህን ነፍሳቸውን ይማር። አንተንም እግዚአብሔር ያጽናህ።"

ልጆቹ በዙሪያቸው ይንጫጫሉ። ኮርማክ ሬሳ ሣጥን አጠገብ እንደሚቆም ልጅ ቀጥ ብሎ ተነሥቶ እጁን ጨበጠው።

"ስለመጣህ እግዜር ይስጥልኝ" አለ።