ከጥዶቹ ሥር ያለው መሬት ግምት

ሮዝሊን ናርሲስ የአገሩ ነባር ሕዝብ የሆነው ጎሳዋ ባቋቋመው የግብር ይግባኝ ሰሚ ጉባኤ ከሚቀመጡት ሦስት ዳኞች አንዷ ነበረች። በሐይቁ ዳር የጎሳውን መሬት በሊዝ ይዘው ቤት የሠሩ ነጮች፣ በረዶው ሲቀልጥ ጠብቀው «ግምቱ በዛብን» እያሉ ይመጣሉ። ጉባኤው ይሰማቸዋል፤ አብዛኞቹ እያጉረመረሙ ይመለሳሉ።

የዚያን ዓመት ጌራልድ ፔንሮዝ መጣ። ጡረታ የወጣ የጥርስ ሐኪም ነው። የሮዝሊን አክስት ፊሎሚን «የሰው አፍ ሲያስከፍት ኖሮ የራሱን መዝጋት አቃተው» ትለዋለች።

«የያዝኩት የጎሳ መሬት ነው፤ አልሸጠውም፣ አልለውጠውም» አለ ፔንሮዝ። «ታዲያ ለምን እንደ ከተማ መሬት ይገመትብኛል?»

«የጎሳው ሕግ ነዋ» አለ ለግብር የመሬቱን ዋጋ የሚተምነው ገማች። «ቦታው ከጎሳው ይዞታ ውጭ ቢሆን የሚያወጣውን ዋጋ ውሰድ ይላል።»

«እሺ፣ ቤቴ አጠገብ ካሉት ጥዶች ሥር ያለውስ? የጀልባ መጠለያ ልሥራ ብዬ ሁለቴ ጠየቅሁ፤ የጎሳው ምክር ቤት 'አይሆንም' አለኝ። ለምን ብል መልስ የለም። የማይሠራበትን መሬት እንደ ቤት መሥሪያ ገምታችሁ ታስከፍሉኛላችሁ?»

ገማቹ ከሩቅ ከተማ የመጣ ነው። «ክልከላ መኖሩን አላውቅም» አለ።

ሮዝሊን ግን ታውቃለች። ከጥዶቹ ሥር የተቀበሩት በፈንጣጣው ዘመን ያለቁት የእናቷ ወገኖች ናቸው። ድሮ የውጭ ሰዎች መጥተው አጥንት ቆፍረው ስለወሰዱ፣ ሽማግሌዎቹ ቦታውን ለባዕድ ላይናገሩ ተማምለው ነበር። ፔንሮዝ ደግሞ በጋ በመጣ ቁጥር እዚያው ላይ ሥጋ ይጠብሳል።

ጉዳዩ ለሌላ ቀን ተቀጠረ። ሮዝሊን በቀጥታ ወደ አክስቷ ሄደች። ፊሎሚን ደጃፏ ላይ ዓሣ ታጸዳለች።

«አክስቴ፣ ሰውዬው እውነቱን ነው።»

«የትኛው? ጥርስ ነቃዩ?»

«መሥራት እንደማይችል እያወቅን ግብሩን እንቀበለዋለን።»

«ይክፈላ! እኛስ ስንቱን ከፍለን የለ?»

«ዝም ካልን እሳቱንም እዚያው ማንደዱን አይተውም።»

ፊሎሚን ቢላዋውን አስቀመጠች። «የምን እሳት?»

«ትልቁ ጥድ ሥር። ድንጋይ ከቦ ምድጃ ሠርቷል።»

አሮጊቷ እጇን በሽርጧ ጠረገች። «ዝም ያልነው እንዲያርፉ ብለን ነበር» አለች። «ሂጂ ተናገሪ። ዳኛ ሆነሽ ግን አይደለም፤ ልጃቸው ሆነሽ።»

በቀጠሮው ቀን ሮዝሊን ከዳኞቹ ወንበር ተነሣች። «በዚህ ጉዳይ መፍረድ አልችልም፤ ምስክር ነኝ» አለች። በእሷ ቦታ ተለዋጭ ዳኛ ተቀመጠ። ሰብሳቢው ከባለጉዳዮቹ በቀር ሰውን ሁሉ አስወጥቶ በሩን አዘጋ፤ እሷም ከጥዶቹ ሥር እነማን እንደተቀበሩ ተናገረች።

ፔንሮዝ ቀልቡ ተገፈፈ። «እዚያ ላይ የልጅ ልጆቼን ልደት አክብሬያለሁ» አለ። «ምነው አንድ ሰው እንኳ ቢነግረኝ?»

«ስላላመንንዎት ነው» አለች ሮዝሊን።

ጉባኤው የጎሳ መሬት በመሆኑ ብቻ ግምቱ ይቀነስልኝ ያለውን አልተቀበለም። ከጥዶቹ ሥር ያለው ግን ቤት መሥሪያ እንዳልሆነ ተቆጥሮ ዋጋው ወረደ። ገማቹም በመዝገቡ ላይ ምክንያቱን ሳይጠቅስ አስተካከለው።

ፔንሮዝ የምድጃውን ድንጋዮች ራሱ አንድ በአንድ አነሣ። ፊሎሚን መኪና ውስጥ ሆና ታየው ነበር። ላቡን እየጠረገ መጥቶ «ሌላ ማድረግ ያለብኝ ነገር አለ?» አላት።

«ሣሩን አትጨደው። ደግሞ ስትገባ ድምፅህን ቀንስ።»

የሮዝሊን የአጎት ልጅ ግን «ገንዘባችንንም ምስጢራችንንም አስረክበሽ መጣሽ» ብሎ ሰላምታ ነሣት። በዓመቱም ምክር ቤቱ መልሶ አልሾማትም። ከፋት፤ ሥራውን ትወደው ነበር።