እማማ ኡጌት በሰሃን የመረጡት ማረፊያ

እኔ ነገር ሲጓተት አልወድም፤ የባሌ ቤተሰብ ደግሞ ነገር ለማጓተት የተፈጠረ ነው። በበጋው አምስት ቀን ወስደን የሎዋር ወንዝ ዳር ግንቦችን እንይ ተባለ፤ እሰየው አልኩ። የት እንረፍ? ለዚህች አንዲት ጥያቄ አራት እሑድ ሙሉ ሊል ከተማ ባለው የአማቶቼ ቤት ካርታ ዘርግተን ተጨቃጨቅን።

ባሌ ቲቦ «ሶሚር ነው የሚሻለው» ይላል። ግንቡን ብሎ እንዳይመስላችሁ፣ ወይን ጠጁን ነው። እህቱ ሬዥን ቱር ከተማ ካልሆነ አልሄድም ብላ አኮረፈች፤ እዚያ ሱቅ አለ። አማቴ እማማ ኡጌት ግን የከተማው ስም ግድ አልነበራቸውም፤ ጥያቄያቸው «ምድጃው ይሠራል ወይ?» ብቻ ነው። በእሳቸው ቤት ምሳ የሚቀርበው ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ሰማይ ቢደፋ ስድስት ተኩል! ሬዥን አንዴ ተሳስታ «መንገድ ላይ ሳንድዊች እንበላለን» ብትል፣ «ምነው፣ እኔ ሞቻለሁ እንዴ?» አሏት።

የባሌ አባት አባባ አንሴልም ጡረታ የወጡ ጣሪያ ሠሪ ናቸው፤ ብዙ አይናገሩም። ካርታው በተዘረጋ ቁጥር ግን ጣታቸውን አንዲት ነጥብ ላይ ያሳርፋሉ። ሮሽብሩን የምትባል፣ ማንም ሰምቷት የማያውቅ ትንሽ ግንብ ናት።

«እዚያማ አንተ ጣሪያ ስታለብስ፣ እኔ ለሠራተኛው ምሳ ተሸክሜ የወጣሁበት አቀበት ነው» ይላሉ እማማ ኡጌት። «ጉልበቴን የጨረስኩት እዚያ ነው። ደግሜ ላየው አልፈልግም።»

አባባም ጣታቸውን ቀስ ብለው ያነሳሉ።

በሦስተኛው እሑድ እኔ ሰሃን ሳጥብ አባባ እያደረቁ፣ ወደ ሳሎኑ ዞር ብለው አዩና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ማሪቮን፣ በመስከረም የሮሽብሩንን ጣሪያ ሊያፈርሱት ነው። ጋዜጣ ላይ አየሁ። አሮጌውን እንጨት በሙሉ አውርደው ይጥሉታል።»

«ታዲያ ምን ይሁን?»

«እንጨቱ ላይ የጻፍኩት ነገር አለ። ሳይጥሉት በፊት ኡጌት እንድታየው ነው የምፈልገው።»

«ምን ብለው ነው የጻፉት?»

«መጀመሪያ ማየት ያለባት እሷ ናት። ደግሞ እንዳትነግሪያት!» አሉና ጆሯቸው ቀላ። የሰባ አራት ዓመት ሰው ጆሮ ሲቀላ አይታችሁ ታውቃላችሁ? አንጀቴን በሉት።

በአራተኛው እሑድ ቲቦና ሬዥን በድጋሚ ሊናጩ ሲሉ እማማ ኡጌት ጠረጴዛውን መቱት። «በቃ!» ብለው አንድ ሰሃን አመጡና ካርታው ላይ ገለበጡት። «ከመሃሉ እስከ ጠርዙ በመኪና ግማሽ ሰዓት ነው። ከሰሃኑ ሥር ያለ ግንብ ይታያል፤ ውጭ የቀረ ይቅር። መሃሉ ላይ የሚገኘው መንደር ማረፊያችን ነው። ምሳ ላይ ማንም አይዘገይም። ጨረስኩ!»

ቲቦ እርሳስ ፍለጋ ሄደ። እኔ አንገቴን አስግጌ አየሁ። ሮሽብሩን ከጠርዙ ውጭ ቀርታለች፤ በጥፍር ያህል! አባባም አይተዋል። መነጽራቸውን አውልቀው መጥረግ ጀመሩ። ደሜ ፈላ። አይቡን ላስቀምጥ ጎንበስ አልኩና ሰሃኑን በክርኔ ገፋ አደረግኩት። «ሳላውቅ ነው» እንዳልል ውሸት ይሆናል። ቲቦ እርሳሱን ይዞ መጣና ዙሪያውን አሠመረ፤ ሮሽብሩን ገባች። አባባ ቀና ብለው አዩኝ። እኔ አይቤን ቆረጥኩ።

ሰሃኑ ሲገፋ ግን መሃሉም አብሮ ይገፋል፤ ይሄን አላሰብኩበትም ነበር። መሃሉ ያረፈው ቪልቡርዶ የምትባል መንደር ላይ ነው። ነዋሪው ስልሳ ሰው ነው፤ አሳማው ግን አንድ ሺህ ሁለት መቶ። የተከራየነው ቤት ደጃፍ ከመኪና ስንወርድ ሬዥን አፍንጫዋን ይዛ «ማነው ይሄን የመረጠ?» ብላ ጮኸች።

«ሰሃኑ ነዋ» አልኩ።

እማማ ኡጌት ከወጥ ቤቱ ብቅ ብለው «ምድጃው ግሩም ነው!» አሉ። አለቀ፤ ጉዞው ተሳካ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ብነግራችሁ አታምኑኝም። ጠዋት ሬዥን ፀጉሯን ስትሠራ አራት ሰዓት ይሞላል። ነድተን ግንቡ ጋ እንደርሳለን፤ መኪና ማቆሚያ እንፈልጋለን፤ ሰልፍ እንይዛለን። በሩ አጠገብ ስንደርስ ስልክ ይጮኻል። «ዳክዬውን አውጥቼዋለሁ!» ይላሉ እማማ። ወደ ቪልቡርዶ መገስገስ ነው። ምሳው ከነአይቡ፣ ከነጣፋጩ፣ ከነቡናው ዘጠኝ ሰዓት ያልቃል፤ ከዚያ ማን ይነሳል? ሁሉም ያንኮራፋል። በአራት ቀን አራት የመኪና ማቆሚያ ጎበኘን። የሻምቦር ግንብ ማቆሚያ ሰፊ ነው፤ ለማንም ቢሆን እመሰክራለሁ።

ዓርብ፣ በመጨረሻው ቀን፣ የሮሽብሩን ተራ ደረሰ። ግንቡ የሚከፈተው ከአራት እስከ ስድስት ብቻ ነው፤ ከሰዓት ዝግ ነው። አባባ ሌሊቱን ሲገላበጡ አድረው ጠዋት እማማን ለመኗቸው።

«ዛሬ እንኳ አብረሽን ነይ፣ ኡጌት።»

«የጣድኩትን ጥንቸል ማን ይጠብቅልኝ? አንተ?»

አባባ ኮታቸውን ለበሱ። መኪና ውስጥ «ባይሆን በቲቦ ስልክ ፎቶ አነሳላታለሁ» ብለው በጆሮዬ ነገሩኝ። ገና መንደሩን ሳንወጣ የጎረቤታችን አሳማዎች አጥር ጥሰው መንገዱን ሞሉት። ቲቦ ጥሩምባ ቢነፋ እንደ ዘፈን ሰሙት እንጂ ንቅንቅ አላሉም። ሮሽብሩን ስንደርስ ለስድስት ሩብ ጉዳይ ሆኗል።

ዘበኛው ቁልፉን እያንሿሿ ቆሞ ነበር። «ጣሪያው ጋ መውጫው ብቻውን ሩብ ሰዓት ይፈጃል። እኔም ምሳ አለብኝ። ሌላ ቀን ኑ» አለና በሩን ዘጋው።

«ሌላ ቀን የለም» አሉ አባባ።

«በል አባዬ፣ እንሂድ፤ እማዬ ትቆጣለች» አለ ቲቦ።

አባባ ደረጃው ላይ ተቀመጡ። «አልሄድም። ምሳ አልበላም።»

ሁላችንም ደርቀን ቀረን። እኚህ ሰው የሐሞት ጠጠር ባስወጡ ማግስት እንኳ ስድስት ተኩል ላይ ማንኪያ ያነሱ ሰው ናቸው። ሬዥን ግንባራቸውን ዳሰሰች። ቲቦ ስልኩን አውጥቶ ደወለ።

«እማዬ… እ… አባዬ ምሳ አልበላም አለ።»

ከወዲያ ማዶ የድስት ክዳን ሲወድቅ ተሰማ።

«የት ነው ያለው?»

«ሮሽብሩን።»

ስልኩ ተዘጋ። ዘበኛው በሩ አጠገብ አግዳሚው ላይ ተቀምጦ አንድ ቆርቆሮ ሰርዲን ከፈተ። ውስጡ ሁለት ዓሣ ነበር። እኛ ፀሐይ ላይ ቆመን ጠበቅን። አባባ ከደረጃው ንቅንቅ አላሉም።

ከታች የጎረቤታችን የአሳማ መጫኛ መኪና እያቃሰተ መጣና አቀበቱ ሥር ቆመ፤ ከዚያ በላይ አልወጣ አለ። እማማ ኡጌት ከነሽርጣቸው ወረዱ። በፎጣ የተጠቀለለ ድስት ታቅፈዋል። እየተሳደቡ፣ እያረፉ፣ ጉልበታቸውን እየረገሙ አቀበቱን ወጡት። አባባ ብድግ ብለው ሰዓታቸውን አዩ።

«ስድስት ተኩል» አሉ ለራሳቸው።

«ምን ሆንክ? ምንህን ነው ያመመህ? እስቲ ምላስህን አውጣ!»

«አላመመኝም። ጣሪያው ጋ አንድ ነገር ላሳይሽ ፈልጌ ነው።»

«ለዚህ ነው ምሳ የሚቀረው?!» ብለው ክዳኑን ሲከፍቱት ሽታው ግቢውን ሞላው። ዘበኛው አንገቱን ቀና አደረገ።

«እማማ፣ ይሄ ጥንቸል ነው?»

«በሰናፍጭ።»

ዘበኛው ሰርዲኑን አየ፤ ድስቱን አየ። «መመሪያው ከስድስት ሰዓት በኋላ ጎብኚ አይገባም ነው የሚለው» አለ፤ ድምፁ ግን ልፍስፍስ ብሏል።

«እኔ ጎብኚ አይደለሁም፤ ምሳ አመላላሽ ነኝ» አሉ እማማ። በሩ ተከፈተ።

ደረጃውን ከነድስቱ ወጡት። ለቲቦ እንኳ አልሰጡም፤ ዘበኛውን አላመኑትማ። ላይ ስንደርስ ጨለምለም ያለ፣ አቧራ የሞላበት ቦታ ነው። አባባ መብራት እስኪበራ እንኳ ሳይጠብቁ አንድ ወፍራም የጣሪያ ወራጅ እንጨት ጋ ሄደው በመሐረባቸው ጠረጉት። በምስማር የተጫረ ጽሑፍ ብቅ አለ፦ «የኡጌት ምሳ»። ከሥሩ ደግሞ መስመር ብቻ፣ መስመር በመስመር።

«ስድስት ተኩል ላይ ድስቱን ይዘሽ በመጣሽ ቁጥር አንድ ጭሬያለሁ» አሉ። «ሰማንያ ሦስት ነው።»

እማማ ድስቱን መሬት አስቀመጡት። በጣታቸው መስመሮቹን አንድ በአንድ እየዳሰሱ ሄዱና መሃል ላይ ቆሙ። እዚያ ጋ መስመር የለም፤ ትንንሽ ፊደል ነው። «ዛሬ አልመጣችም። ሌላ ሰው ያመጣውን አልበላሁም» ይላል።

እማማ ፊታቸውን ወደ ወራጁ እንዳዞሩ ቆዩ።

«ጥርሴን አሞኝ ነበር እኮ!» አሉ በመጨረሻ። «ጉንጬ አብጦ ነበር። አንተ እንዳታየኝ ብዬ ነው የቀረሁት።»

«እኔ የተቀየምሽኝ መስሎኝ።»

«ሃምሳ ሁለት ዓመት ሙሉ አፍ የለህም? ለምን አትጠይቀኝም?»

«ብጠይቅሽና ምሳውን ብታቆሚስ?»

እማማ በፎጣው የአባባን ጀርባ ቸብ አደረጉ፤ ከዚያ በዚያው ፎጣ ዓይናቸውን ጠረጉ። «ውይ አንሴልም! እውነት ጦምህን ዋልክ?»

«ዋልኩ።»

እማማ ወለሉ ላይ ቁጭ አሉ። ክዳኑን ገለበጡና ጥንቸሉን ሞልተው አወጡላቸው። «ይሄ የዛሬው ነው» አሉ። አባባ በልተው ሲጨርሱ ክዳኑን ተቀብለው እንደገና ሞሉት።

«ይሄ ደግሞ የዚያን ቀኑ ነው።»

አባባ እሱንም አሟጠው በሉ።