የክሬኑ ጠመኔ

ታላቅ ወንድሜን የሥራ ጓደኞቹ «ክሬኑ» ነው የሚሉት። ስሙን ያወጣለት ሹፌራችን ነው፤ ወንድሜም እንደ ሹመት ተቀብሎት ኖረ። ሥራችን ባለቤቱ የሞተበትን ወይም የለቀቀውን ቤት ባዶ ማድረግ ነው። የሚጠቅመውን እንለያለን፣ ቆሻሻውን እንጭናለን፣ ወለሉን ጠርገን ቁልፉን እናስረክባለን። አለቃዋ እኔ ነኝ። እሱ ደግሞ አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ «ተይው፣ ለብቻዬ» ሲል የኖረ ሰው ነው።

ለብቻዬ ሲል ነው ጉድ የሆነውም። ከአራት ወር በፊት ፍሪጅ አዝሎ ደረጃ ሲወርድ ወገቡ ቀጭ ሲል እኔም ሰማሁት። ወለል ላይ በተነጠፈ ፍራሽ ጣሪያ ጣሪያ ሲያይ ከረመ። ሐኪሙም አልደበቀውም፤ ከእንግዲህ ከባድ ነገር ካነሳ እግሩ ላይታዘዝለት እንደሚችል ፊት ለፊት ነገረው። ወደ ሥራ በተመለሰበት ቀን ጠዋት ሚስቱ በር ላይ ክንዴን ይዛ አደራ አለችኝ። እኔ ደግሞ አደራ ከተባልኩ እንቅልፍ የማይወስደኝ ሰው ነኝ።

ስለዚህ አዲስ አሠራር አወጣሁ። ከዛሬ ጀምሮ ማንም ዕቃ ከመንካቱ በፊት አንድ ሰው ባዶ እጁን ቤቱን ዞሮ ያያል፤ ያየው ላይ በጠመኔ ምልክት ያደርጋል። አንድ መስመር ከሆነ አንድ ሰው ያነሳዋል፣ ሁለት መስመር ከሆነ ለሁለት ይነሳል፣ ኤክስ ከሆነ ምልክት ያደረገው ሰው ሳይፈቅድ ጭራሽ አይነካም። ጠመኔውን ለክሬኑ ሰጠሁት።

ፊቱን ባያችሁት። ከመኪናው ገና መውረዱ ነበር፤ ለዚያውም ሲወርድ እንዳናየው በወዲያ በኩል ዞሮ፣ ጥርሱን ነክሶ ነው። ጠመኔውን መዳፉ ላይ አገላብጦ አየና፣ በስተርጅና አስተማሪ ልታደርጊኝ ነው ወይ አለኝ። ሹፌሩ ሳቀ። እኔ እንኳን ተስቆብኝ እንዲሁም ቱግ የምል ሰው ነኝ፤ «ካልፈለግህ ቤትህ ገብተህ ፍራሽህ ላይ ተኛ» አልኩት። ምነው ያኔ ምላሴን በቆረጠው። ሹፌሩ እንኳ ሳቁን ውጦ መሬት መሬት ማየት ጀመረ። ወንድሜ ጠመኔውን ጨብጦ ደረጃውን ወጣ።

ቤቱ የአንድ ሟች መካኒክ ነበር፤ ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣ ሦስት ክፍል። ሴት ልጁ ቁልፉን ስታስረክበን አባቷ በሕይወቱ አንድ ብሎን ጥሎ እንደማያውቅ አስጠንቅቃናለች፤ ስድስት ሰዓት ላይ ቤቱን ልትረከበን ቀጥረናል። ወጥ ቤት ስገባ ክሬኑ ተንበርክኮ፣ በእጅ ባትሪ የሳህን ማጠቢያውን ሥር ያያል። አሲዱ ፈስሶ ጣውላውን የበላው አሮጌ የመኪና ባትሪ አግኝቷል፤ ኤክስ። አጠገቡ ያለ ጥቁር ፌስታል ላይም ኤክስ። እኔ ቀላል ወረቀት መስሎኝ እግሬ ላይ አስደግፌ ላነሳው ነበር። ጓንቱን አጥልቆ አፉን ከፈት አድርጎ አሳየኝ፤ የስኳር መርፌ፣ ክዳን የሌለው፣ በእፍኝ የሚዘገን። ጎበዝ ማለት ሲገባኝ ሰዓቴን አይቼ ቶሎ በል አልኩት። ኩርፊያዬ ገና አልወጣልኝም ነበር።

እሱ ሳሎኑን ሲያይ እኔ መኝታ ቤት ገባሁ። ክፍሉን እሱ ገና አላየውም፤ ቁም ሣጥኑ ላይ አንድም የጠመኔ ምልክት የለም። የራሴን ሕግ ከሁለት ሰዓት በኋላ ራሴ ጣስኩት። ከዚያ የባሰም አደረግሁ፤ እኛ ቤት አጽጂዎች አንድ መጥፎ አመል አለን፣ ምን ምን እንዳለ ባንዴ ለማየት መሳቢያውን ሁሉ አንድ ላይ መክፈት። ስንቱን ሠራተኛ የተቆጣሁበት ነገር ነው። አንዱን ሳብኩ፣ ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን። አራተኛውን ስስብ ቁም ሣጥኑ ወደ እኔ ዘመመ።

በሁለት እጄ ደገፍኩት። ቀና ስል፣ አናቱ ላይ ብረት የታጨቀ ሳጥን ወደ ግንባሬ እየተንሸራተተ ነው። ከኋላዬ አልጋ፣ ከፊቴ ቁም ሣጥን፣ ክንዴም እየዛለ ነው።

ክሬኑ በሩ ላይ ደረሰ። ትከሻው ዝቅ ሲል አየሁት። ዕቃ ሊያነሳ ሲል እንዲያ ነው የሚያደርገው፣ አሥራ ስድስት ዓመት አይቼዋለሁ። ከሳጥኑ ይልቅ ያ ትከሻ አስፈራኝ፤ የሚስቱ እጅ ክንዴ ላይ ያለ መሰለኝ። አትምጣ ልለው አፌን ከፈትኩ።

ግን አልመጣም።

«እታለም» አለኝ ቀስ ብሎ፣ «ልቀቂውና ወደ እኔ ዝለይ። አሁን።»

ለቀቅኩት። እግሩ ሥር ሄጄ ስዘረጋ ቁም ሣጥኑ አልጋው ላይ ተደፋ፤ ብሎኑና መፍቻው እየተንኳኳ ክፍሉን ሞላው። አቧራው ሲረጋ ቀና አልኩ። ወንድሜ የበሩን መቃን በሁለት እጁ ግጥም አድርጎ ይዟል። ጣቶቹ ነጭ ሆነዋል።

«ላነሳው ነበር እኮ» አለ። «ራሴን የያዝኩት በግድ ነው።»

አለቀስኩ፤ ምን ይደበቃል። ይዞት ቢሆን ሁለታችንንም ይደፋን እንደነበር ነገርኩት፤ ስለ ፍራሹም ይቅር በለኝ አልኩት። ጎንበስ ብሎ እጅጌዬ ላይ ትልቅ ኤክስ አሰመረብኝ። መጀመሪያ ምልክት ማድረግ የነበረበት እኔ ላይ እንደነበር ነገረኝ። እያለቀስኩ ሳቅሁ።

ከዚያ በኋላ አንድም ዕቃ ያለ ጠመኔ አልተነሳም። ቁም ሣጥኑን ራሱ እየፈታታን አወረድነው፤ ክሬኑ ደረጃው አናት ላይ ቆሞ «ግራ፣ ቀስ፣ እረፉ» ይለናል፣ እኛም እናርፋለን። የሟች ልጅ ስትመጣ ወለሉ ተጠርጎ ነበር። መርፌውን ለጤና ጣቢያ፣ ባትሪውን ለብቻው እንዳስቀመጥነው ስነግራት፣ ይህን ያየው ማን ነው አለች። ወንድሜን አሳየኋት። አንገቱን ደፍቶ ጠመኔውን በጣቱ ያገላብጣል፤ ደስ እንዳለው ግን ከጎን የሚታየው ፈገግታው ይናገራል።

ልንሄድ ስንል ሹፌሩ ሞተር አስነሳ። ክሬኑ ወደ መኪናው ሄደ። በወዲያ በኩል ይዞራል ብዬ ፊቴን መለስኩ፤ እንዳያፍር። የበሩ መዘጋት ግን አልተሰማም። ዞር ስል መወጣጫው ፊት ለፊት ቆሟል። ከፍ ያለ ነው መወጣጫው። ከኪሱ ያችን ቁራጭ ጠመኔ አወጣና የቱታው ደረት ላይ ሁለት መስመር አሰመረ።

ሹፌሩ ሞተሩን አጥፍቶ ወረደ፤ አልቀለደም። እሱ በቀኝ፣ እኔ በግራ ያዝነው።

«ቁጠሩ እንጂ» አለ ክሬኑ።

ቆጥረን አነሳነው።