የባኞው አደራ

ባሌ ገብረየስ ወይን ያስተኛ ነበር። አዎ፣ እንደ ሕፃን! ጠርሙሱ ቆሞ ከከረመ ቡሹ ይደርቃል፣ ቡሹ ከደረቀ አየር ይገባል፣ አየር ከገባ ወይኑ ኮምጣጤ ይሆናል ይለኛል። እኔ ምን አገባኝ! ኮምጣጤም ቢሆን ለሰላጣ ነው።

ቤታችን ቦሌ መንገድ ዳር ከተወረሱት ፎቆች በአንዱ ነበር። አንዲት ክፍል፣ ሁለት ሰው የማይተላለፍባት ማድቤትና መስኮት የሌለው መታጠቢያ ቤት፤ ያ ነው ቤቱ። ፀሐይ ከጠዋት እስከ ማታ ክፍላችን ውስጥ ነው የምትውለው። ገብረየስ ቀዝቃዛና ጨለማ ቦታ ሲፈልግ ሲፈልግ የት ቢያገኝ ጥሩ ነው? ባኞው ውስጥ! ጠርሙሶቹን አጋድሞ ደረደረና እርጥብ ጆንያ አለበሳቸው። እኔ ምንትዋብ፣ የሰው ልጅ፣ ባኞ እያለኝ በሳፋ ስታጠብ ሁለት ዓመት አለፈ። "ይሄን ነገር ታወጣለህ ወይስ እኔ ልውጣልህ?" እላለሁ፣ ፎቁ በሙሉ እስኪሰማ።

"ምንትዬ፣ አደራ እኮ ነው" ይለኛል፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

አደራው የሲኞሩ ነው። ገብረየስ ከወጣትነቱ ጀምሮ ወይን ሲጠምቅለትና ሲያሽግለት የኖረው ጣልያን፣ አብዮቱ ሲመጣ ወደ አገሩ ሲሄድ፣ "እስክመለስ ጠብቅልኝ" ብሎ አስረክቦት ሄደ። ተመልሶ ላይመጣ! ግን ገብረየስን ማን ያሳምነው? አደራ በላ ከመባል ሞት ይሻለኛል ባይ ነው።

በሰባ ዓመተ ምሕረት፣ ያ ክፉ ጊዜ፣ ታናሽ ወንድሜ ዓለምሰገድ ሸሽቶ መጣብን። መምህር ነበር። ጓደኞቹ ተይዘው አልቀዋል፤ እሱ ቀርቷል። ቤታችን በገባ በማግስቱ ጠዋት ድምፅ ማጉያው ጮኸ፤ አሰሳ ነው፣ ማንም ከቤቱ ንቅንቅ እንዳይል። ያቺ ቤት እንኳን ሰው ድመት አትደብቅም።

ገብረየስ ወደ መታጠቢያ ቤቱ ገባ። ጠርሙሶቹን እያቀፈ አወጣቸው፣ ዓለምሰገድን ባኞው ውስጥ አጋደመው፣ የአልጋችንን ጣውላ አንስቶ ከላይ አደረገበት፣ ከዚያ ወይኑን መልሶ ደረደረና ጆንያውን አለበሰ።

"ጋሼ፣ ቢያስነጥሰኝስ?" አለ ወንድሜ ከሥር።

"ዋጠው" አለው።

ከሰዓት በኋላ የቀበሌው ሊቀመንበር ከአብዮት ጠባቂዎቹ ጋር ገባ። ከመካከላቸው ደቻሳ አለ፤ ከታች ቤት የሚኖር ጎረቤታችን ነው። አልጋውን ገለበጡ፣ ዱቄቱን በተኑ፣ መታጠቢያ ቤቱን ከፈቱ። ሊቀመንበሩ ጆንያውን ሲገልጥ ፊቱ በራ።

"ሕዝቡ ስኳር አጥቶ አንተ የመኳንንት መጠጥ ታከማቻለህ? አውጡት!" አለ። አንዱ ጠባቂ አንድ ጠርሙስ አነሳ፣ ደገመ። ከሥር ጣውላው ብቅ ሊል ነው።

ገብረየስ ሊቀመንበሩ እግር ላይ ወደቀ። "ጓድ ሊቀመንበር፣ ወንጀለኛ ነኝ፣ የደበቅኩት እኔ ነኝ! ግን በዚህ ደረጃ በእጅ ከወረደ ይሰባበራል። የሕዝብ ንብረት ሆኗል፤ ታሽጎ ይደርና ነገ በመኪና ይወሰድ። አንድም ጠርሙስ አትንኩብኝ፣ እባካችሁ!"

ሊቀመንበሩ አሰበበት። ከዚያ በሩን ዘጋው፣ በበሩና በመቃኑ ላይ ወረቀት አጣበቀ፣ ማኅተም መታበት። "ይህን የቀደደ ከአብዮቱ ጋር ነው የተጣላው" አለኝ። ባሌን የፊጥኝ አስረው ይዘውት ወረዱ።

በሩ ላይ ተለጠፍኩ። "ዓለሜ!"

"እትዬ፣ ወረቀቱን እንዳትቀጂው" አለኝ። "ጋሼን ይገድሉታል።"

አልቀደውም ብል ነገ ከወይኑ ጋር ወንድሜን ሊያወጡት ነው። ብቀደው ባሌን ሊበሉት ነው። ፈጣሪን ሳይቀር ተቆጣሁት፣ ይቅር ይበለኝ። ኋላ ግን አንድ ነገር መጣልኝ። ለመሆኑ በዚህ ፎቅ ላይ እኔና ያ ወይን ጠላቶች መሆናችንን የማያውቅ ማን አለ?

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ አሳሾቹ ወደ ሌላ ሰፈር አለፉ። ጎረቤቴን ፈዲላን ጠራኋት። ባሏ ኢሳ የጭነት መኪና ሾፌር ነው፤ በማግስቱ ከላምበረት ወደ ደሴ ይነሳል። ወረቀቱን ቀደድኩት። ዓለምሰገድ የኢሳን ካፖርትና ቆብ ለብሶ፣ ሰዓት እላፊው ሳይደርስ ከኢሳ ጋር ወጣ። ጣውላውን ወደ አልጋው መለስኩ። ከዚያ ዘነዘናውን አነሳሁ።

"ትዳሬን የበላህ! ባሌን ያሳሰርክ!" እያልኩ ጠርሙሱን ሁሉ ወለሉ ላይ አደቀቅኩት። ፎቁ በሙሉ ጩኸቴን ሰማ። እውነቱን ልናገር አይደል፣ ከመሃል ላይ ማስመሰሉን ረስቼው ነበር።

የቀረው የገብረየስ ድርሻ ነው። እሱን ደግሞ ልንገረው ብል እስር ላይ ነው፤ ማወቅም የለበትም። አንድ ጊዜ አንዲት ጠርሙስ ከእጁ አምልጣ ብትሰበር ዘመድ እንደሞተበት ቁጭ ብሎ አልቅሷል። ይህን ጉድ ሲያይማ እንባው ራሱ ምስክር ይሆነኛል ብዬ ተማመንኩ።

ጠዋት እሱን መሃል አድርገው መጡ። ሊቀመንበሩ የተቀደደውን ማኅተም ሲያይ ሽጉጡን መዘዘ።

"እኔ ነኝ!" አልኩት። "ከዚህ ወይን ጋር ከምኖር እሰሩኝ!"

ደቻሳ ሳቁ አመለጠው። "ጓድ፣ የዚህን ባኞ ጠብ እኮ ሰፈሩ ያውቀዋል። ማታም ስትሰብር ሰምቻታለሁ። የባልና ሚስት ነገር ነው።"

ሊቀመንበሩ ሽጉጡን መለሰ። "እብድ ሴት! ሳምንት ስትታሰሪ ልክ ትገቢያለሽ" አለኝ። ሳምንት! በሆዴ እልል አልኩ።

ገብረየስ ገባ። ጫማው ስብርባሪውን ረገጠ፣ ወለሉ ቀይ ነው፤ እሱ ግን ወለሉን አላየም። አንገቱን አስግጎ ባኞውን ውስጡን አየ። ባዶ ነው። ወደ እኔ ዞረ፤ በሠርጋችን ቀን እንኳ ፊቱ እንዲያ አልበራም።

"ተመስገን!" አለ። "እንኳን ሰበርሽው ምንትዬ! እንኳን ሰበርሽው!" እጁ እንደታሰረ ግንባሬን ሳመኝ።

ደቻሳ ሳቁን አቆመ። ሊቀመንበሩ ባሌን ትኩር ብሎ አየው። "ትናንት አንድ ጠርሙስ እንዳይነካ እግሬ ላይ የወደቀ ሰው፣ ዛሬ ምን አገኘና ደስ አለው?" አለ። ባኞውን ጎንበስ ብሎ አየ። "እዚህ ውስጥ ማን ነበር?"

ሁለታችንንም ወሰዱን። እኔን ክረምቱ ሲወጣ ለቀቁኝ። ገብረየስን ከዚያ በፊት አንድ ቀን ከሌሎች ጋር ስሙን ጠርተው አወጡት፤ አልተመለሰም።

ዓለምሰገድ ተርፏል፤ ወልዶ ከብዷል። ሰዎች ሊያጽናኑኝ ሲመጡ፣ ደግ ሰው ነበር ይሉኛል። ደግነቱን እኔ መች አጣሁት! ለሲኞሩ አደራ ስንት ዓመት ሲጨነቅ የኖረ ሰው፣ ያን ጠዋት፣ ለአንዲት ደቂቃ ብቻ፣ ለወይኑ ቢያለቅስ ምን ነበረበት?