ዶቅማ በረመዳን

ያን ዓመት ረመዳን ግንቦት ላይ ዋለ። ግንቦት ደግሞ ከማንኩሳ በታች ባለው ወንዝ ዳር ዶቅማ የሚባለው የዱር ፍሬ የሚበስልበት ወር ነው። አሥር ዓመቴ ነበር። እናቴ ሁስና "እስከ ቀትር ይበቃሻል" ብትለኝም፣ ሙሉ ቀን ካልጾምኩ ብዬ አስቸገርኩ። ጨርቅ ነጋዴው አባቴ ከድር ሱቁ ለመጣ ደንበኛ ሁሉ "ራዲያም ዘንድሮ ጾመኛ ናት" እያለ ያወራ ነበር።

በስድስተኛው ቀን እህተ ማርያም መጣች። የጎረቤታችን የመሪጌታ ገብረ ኢየሱስ ልጅ ናት። ሁዳዴን ከፈቱ ሁለት ሳምንት አልሞላቸውምና የጾም ነገር ከኔ በላይ ይገባታል።

"እኔ እለቅማለሁ፤ አንቺ ቅርጫቱን ብቻ ትይዣለሽ" አለችኝ።

ወንዙ ዳር ስንደርስ ግን የበሰለው ሁሉ ከላይ ነው። ዛፍ መውጣት ደግሞ እሷ አይሆንላትም። እኔ ወጣሁ። ቅርንጫፉን ሳብ ሳደርገው ፍሬው እፍኜን ሞላው፤ እጄም እንደ ልማዱ ወደ አፌ ሰደደው። ጾሜ ትዝ ያለኝ ከዋጥኩት በኋላ ነው።

"ራዲያ! በላሽ እኮ!" ብላ እህተ ማርያም ከታች ጮኸች።

እዚያው ቅርንጫፉ ላይ ሆኜ አለቀስኩ። ለቅሶው ሲወጣልኝ፣ አንዴ ፈርሷል ብዬ ሌላ እፍኝ ጨመርኩ። ከዚያም ሦስተኛ።

ምላሴ ሐምራዊ ሆኖ ቀረ። እህተ ማርያም ወንዙ ዳር አስቀምጣኝ በቅጠል ፈተገችው፤ በአሸዋም ሞከረች። አልለቅ አለ።

"በቃ፣ ምላሴን አሞኛል በያቸው" አለችኝ።

"አፌን ሳልከፍት እንዴት አድርጌ?"

ሱቅ ስንደርስ አባቴ "እንዴት ዋልሽ፣ ጾመኛዋ?" አለኝ። ራሴን ነቀነቅሁ። "ምነው ዘጋሽኝ?" አሁንም ነቀነቅሁ።

እህተ ማርያም አላስቻላትም። "ጋሼ ከድር፣ እንዳይቆጧት! ረስታ ነው የበላችው!"

አባቴ አስጠጋኝና "ረስቶ የበላ ሰው ጾሙ አይፈርስም፤ አላህ ነው ያጎረሰሽ" አለኝ።

እፎይ ማለት ነበረብኝ፤ እኔ ግን እጀጌውን ያዝኩት።

"አባ፣ የረሳሁት የመጀመሪያውን እፍኝ ነው።"

"ሌላም አለ?"

"ሁለት። እያወቅሁ የበላሁት።"

ፊቱን ወደ ጨርቆቹ አዞረ። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ የሚያለቅስ መስሎኝ ደነገጥኩ። እየሳቀ ነበር።

"እንግዲያ አላህ ያጎረሰሽ አንዱን ብቻ ነው፤ ሌላውን ራስሽ ነሽ" አለ። ከዚያ ራሴን ዳበሰኝ። "ልጅ ነሽ፣ ገና ግዴታ የለብሽም። ነገ እንደገና ትጀምሪያለሽ።"

በማግስቱ እህተ ማርያም ብቻዋን ወርዳ የረገፈውን ለቅማ መጣች። ቅርጫቱን ታቅፋ ሱቃችን ደጃፍ ተቀመጠች፤ አንዲት ፍሬ እንኳ አልቀመሰችም። አመሻሽ ላይ መሪጌታ ሊጠሯት መጡ።

"ነይ ግቢ እንጂ ልጄ፣ እራት ደርሷል።"

"ራዲያ ታፍጥርና እመጣለሁ፣ አባ።"

መሪጌታ አንዴ እኔን፣ አንዴ ቅርጫቱን አዩ። "በበዓለ ሃምሳ ጾም የለም ብዬ አስተምራለሁ፤ ልጄ ጎረቤት ደጃፍ ላይ ትጾማለች!" ብለው ሳቁ። ይዘዋት ይሄዳሉ ስል ከአባቴ አጠገብ አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። አዛን እስኪል አራታችንም እዚያው ቆየን።